ጋሽ እስቲልየውና የተበጠሰችው ሽቦ

ወገኖቻችን፣ ቆማችሁ ስለሆነ አናስረዝምባችሁም። ይህ የጋሽ እስቲልየው የሕይወት ታሪክ ከታናሽ ወንድማቸው ቤት ወጥቶ ሲነበብ «ደግሞ እነዚህን ማን ጠራቸው?» ብላችሁ የተያያችሁ እንዳላችሁ ይገባናል። እንዲህ ይሁን ያሉት ራሳቸው ሟቹ ናቸው፤ ለምን እንዳሉም ስታዳምጡ ትደርሱበታላችሁ።

ሁላችንም ጋሽ እስቲልየው የምንላቸው ከልብስ ሰፊ አባታቸውና ከቤት እመቤት እናታቸው የበኩር ልጅ ሆነው ተወለዱ። ከልጅነታቸው ጀምሮ የተሰጣቸውን ነገር ገልብጠው ሳያዩ አይቀበሉም፤ ስሙም የወጣላቸው «እስቲ ልየው» ከምትለው ከአፋቸው የማትጠፋ ቃል ነው። እስከ ስምንተኛ ክፍል ተምረው የአባታቸው ዓይን ሲደክም ቤቱን ለመደጎም ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ገቡና የኤሌክትሪክ ጥገናን እያዩና እየሞከሩ ለመዱ። ታናሽ ወንድማቸውንም እዚያው ያስቀጠሩት እሳቸው ናቸው። በፋብሪካው ክሊኒክ ትሠራ የነበረችውን ነርስ አግብተውም ሦስት ልጆች ወለዱ።

ወንድማማቾቹ የተቃቃሩት የፎርማንነት ቦታ ክፍት በሆነበት ሰሞን ነው። ቦታው ለታላቅየው ተሰጠ፤ ታናሽየው አኮረፉ። በዚያው ሳምንት የጨርቅ ማድረቂያው ምድጃ ቀዘቀዘ። ውስጡ ሦስት የማሞቂያ ሽቦዎች አንዱ ካንዱ ቀጥሎ እንደ ሰንሰለት ተያይዘዋል። ጋሽ እስቲልየው የቮልት መለኪያቸውን የመጀመሪያው ሽቦ ሁለት ጫፍ ላይ ቢያደርጉት ዜሮ አለ። መብራት የለም ብለው እጃቸውን ሰደዱና ሦስተኛው ሽቦ የተበጠሰበትን ጫፍና ጫፍ ሲይዙ ኮረንቲው መትቶ ወረወራቸው። የቀኝ እጃቸው ጣቶች ከዚያ ወዲህ ታጥፈው አያውቁም።

ማብሪያ ማጥፊያው አጠገብ የነበሩት ታናሽ ወንድማቸው ብቻ ናቸው። «መለኪያው ዜሮ ብሎኛል። ታዲያ ማን አበራው?» አሉ ጋሽ እስቲልየው ሆስፒታል ተኝተው። ከዚህ ሌላ ቃል አልወጣቸውም፤ የሰማው ሰው ሁሉ ግን የቀረውን እየሞላ አወራው። ታናሽየው ከሥራ ተባረሩ፤ የወንድሙን እጅ ያቃጠለ እየተባሉ፣ በየግንባታው ድንጋይ እየተሸከሙ ልጆቻቸውን አሳደጉ።

ጋሽ እስቲልየው እጃቸው አልታዘዝ ስላላቸው ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት ተዛወሩ። ከዚያ በር የሚወጣ ከረጢት ሁሉ ይፈተሻል። ሠራተኛው «ጋሼ፣ ምሳ ዕቃዬ እኮ ነው፤ ይከፈት ወይስ ይቀምሱልኛል?» እያለ ይቀልድባቸው ነበር። ቤት ውስጥ የወንድማቸው ነገር ሲነሣ ደግሞ ጃኬታቸውን አንሥተው ውልቅ ይሉ ነበር።

ጡረታ ከወጡ በኋላ የመጨረሻዋ ልጃቸው ለፈተና ስትዘጋጅ፣ የምግብ ጠረጴዛው ላይ ባለ ዘጠኝ ቮልት ባትሪ ኮረንቲ ከሚገቱ ሦስት እኩል ሬዚስተሮች ጋር በተርታ አያይዛ ስትለካ አገኟት። እያንዳንዱ ላይ ሦስት ቮልት ወጣ።

«ማን አካፍሎት ነው እኩል የደረሳቸው?» አሉ በጎን እያዩዋት።

«እኩል ስለሆኑ ነዋ አባዬ። አንዱ ተለቅ ቢል ድርሻውም ተለቅ ይላል። ሲደመር ግን ያው ዘጠኝ ነው።»

«በቃልሽ ሸምድደሽው እንዳይሆን! እስቲ ልየው።»

ለኩት፤ እውነቷን ነው። ያም አልበቃቸውም። የሦስተኛውን የሽቦ እግር በመቀስ ቆርጠው እንደገና ለኩ። የመጀመሪያው ዜሮ፣ ሁለተኛውም ዜሮ።

«ባትሪውን ነካሽው?»

«ኧረ እጄንም አላስጠጋሁ! መንገዱን ስለቆረጥከው ኮረንቲው አይሄድም፤ ካልሄደ ደህናዎቹ ላይ ምንም አይለካም። እስቲ የተቆረጠው ላይ አድርገው።»

አደረጉት። ሙሉው ዘጠኝ ቮልት እዚያች ክፍተት ላይ ነበር።

ልጅቷ እንደምትናገረው፣ አባቷ የማይታጠፉ ጣቶቻቸውን እያዩ «ምድጃው ዜሮ ያለኝ ሽቦው ስለተበጠሰ ነው። ያን ቀን ማንም አላበራውም። መጀመሪያም አልጠፋም ነበር» አሉ።

በማግስቱ ባትሪውን ከነሬዚስተሮቹና ከነመለኪያው በፌስታል ይዘው ወንድማቸው ቤት ሄዱ። ታናሽየው በሩን ገርበብ አድርገው «ምን ጠፋብህ? ልትፈትሸን ነው?» አሏቸው። ጋሽ እስቲልየው ደጃፉ ላይ ቁጢጥ ብለው ሁሉንም ለክተው አሳዩ። ታናሽየው እስከ መጨረሻው አይተው «ይሄ ሁሉ ሽቦ ምን ያደርጋል? ‹አብርተሃል ወይ?› ብለህ አንዴ ብትጠይቀኝ ኖሮ እነግርህ ነበር» አሉና በሩን ዘጉት።

ጋሽ እስቲልየው ግን መመላለሱን አልተዉም፤ በሩም ውሎ አድሮ ተከፈተ። ኩላሊታቸው ሲደክም ደግፈው ሐኪም ቤት የሚወስዷቸው ታናሽየው ሆኑ። ያኔም ቢሆን «አምነኸኝ ነው ወይስ ሰው ቸግሮህ?» ማለታቸው አልቀረም። የጋሽ እስቲልየው መልስ «ስምህን ያጠፋሁት ሰው ፊት ነው፤ ሰው ፊት ይነበብልሃል። የሚያነበውም ካንተ ቤት ይሁን» የሚል ነበር። ባለፈው ዓርብ ጠዋት፣ እጃቸው በወንድማቸው እጅ ውስጥ እንዳለ አረፉ።

ባለቤታቸውን፣ ሦስት ልጆቻቸውን፣ የልጅ ልጆቻቸውንና ታናሽ ወንድማቸውን ትተው ሄደዋል። ቀጥሎ ያለችውን ቃል «ረጋ ተብላ ትነበብ» ብለዋል፦ ወንድሜ ማብሪያውን አልነካም።

ፈጣሪ ጥርጣሬ በማይደርስበት ቦታ ነፍሳቸውን ያሳርፍልን። እናንተንም ያጽናችሁ።