የመጀመሪያው ምዕራፍ

ከአስራ ስምንት ማዞሪያ በተሳፈርኩበት ታክሲ ውስጥ ከፊቴ ሁለት ወጣት ሴቶች ያወራሉ።

«አንቺ ደራሲ፣ ልቦለዱን ጀመርሽው ወይስ ዘንድሮም ወሬ ነው?»

«አልጀመርኩትም።»

«ታሪኩን እኔ እንኳን በቃሌ ያዝኩት እኮ! በቃ፣ የመጀመሪያውን ምዕራፍ ጻፊ።»

«የመጀመሪያው ምዕራፍ የወንድሜ መርዶ ነው።»

«ታዲያ ጻፊዋ።»

«እማዬ አልሰማችም እኮ። ዛሬም ይመጣል ብላ ትጠብቀዋለች።»

«እስካሁን? ባሕር ላይ ከሞተ ስንት ጊዜው!»

«ፋሲካ ይለፍ አልን፣ ደም ግፊቷ ይውረድ አልን፣ በዚያው ቀረ። ስጽፍ ካየችኝ ደግሞ አንብቢልኝ ትለኛለች።»

«ሌላ ሌላውን ታነቢላታለሻ።»

«ድምፄ ያሳብቅብኛል።»

ስደት የወጣው ልጄ ድምፁ ከጠፋ ወዲህ «ደህና ነው እማዬ፣ ኔትወርክ እምቢ ብሎት ነው» የምትለኝን እህቱን እያሰብኩ ፌርማታዬ አለፈኝ።