ቢጫ ጓንትና የወፍጮ ቤት ቁልፍ

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባላል። ጋሽ ኢድሪስ ግን በዚያ የነሐሴ ቀትር አል ማምዛር ባሕር ዳርቻ አጠገብ ካለው የመኪና ማቆሚያ ሲገቡ፣ ከማያውቋት ልጅ ጋር ክርክር ገጥመው የሃያ ሦስት ዓመት ዕቅዳቸው ይገለበጣል ብለው አላሰቡም። ያሰቡት ስለ ቻርጅ ብቻ ነበር።

ጋሽ ኢድሪስ የኮምቦልቻ ሰው ናቸው። ዱባይ፣ ጁሜይራ ውስጥ በአንድ ቤት ሃያ ሦስት ዓመት ሹፌር ሆነው ኖረዋል። በዚህ ሁሉ ዘመን አንድም ቀን አላጋጩም፤ አንድም ቀን ነዳጅ አልቆባቸው መንገድ ላይ አልቆሙም፤ ይህንንም ሳይጠየቁ ይናገሩታል። መስከረም ላይ ቪዛቸው ያበቃል። ዕድሜያቸው ስልሳ ስለሞላ ቤቱ ሊያሳድስላቸው አልፈለገም፤ ስለዚህ አገራቸው ይገባሉ። ለመግቢያቸውም ከሻርጃው የአሮጌ መኪና ገበያ አንዲት ነጭ የቤንዚን መኪና መርጠዋል። ልጃቸው አብዱራዛቅ በእሷ ከኮምቦልቻ ደሴ ሰው እያመላለሰ ቤቱን ያስተዳድራል። የሃያ ሦስት ዓመት ላባቸው በሙሉ በዚያች መኪና ላይ ያርፋል፤ ሌላ ጥሪት የላቸውም። መኪናዋን የሚያሻሽጠው ደላላ ዛሬ በዐሥር ሰዓት ገበያው በር ላይ ይጠብቃቸዋል።

ይህን ሁሉ ሰላም የነሳቸው የአሠሪያቸው የማዳም ነገር ነው። ማዳም ከአራት ወር በፊት የድሮውን መኪና ሸጣ የኤሌክትሪክ መኪና አመጣች። ጋሽ ኢድሪስ ያን ቀን ምሳ አልበሉም። ከዚያ ወዲህ መኪናዋን የሚነዷት የተኛ ውሻ አጠገብ እንደሚያልፍ ሰው እየተጠነቀቁ ነው። ቻርጅ እንዳያልቅባቸው ብለው በነሐሴ ሙቀት ኤሲውን ያጠፋሉ፤ መስኮት ከፍተው ላባቸውን እየጠረጉ ይሄዳሉ። ዛሬ ማዳም አጅማን ለምትኖረው እናቷ ዕቃ እንዲያደርሱ ልካቸዋለች፤ ሲመለሱም ሻርጃ ጎራ እንዲሉ ፈቅዳላቸዋለች። ገና አል ማምዛር ሲደርሱ ቻርጁ ስልሳ አንድ ከመቶ መሆኑን አዩና ልባቸው ራደ። ወዲያው ወደ ቻርጅ ማድረጊያው ታጠፉ።

ከወንበራቸው ሥር ቢጫ የወጥ ቤት የጎማ ጓንት አወጡ። የጓንቱ ባለቤት የቤቱ ምግብ አብሳይ ሰብሪና ናት፤ ጠፋብኝ ብላ ሦስት ቀን ሙሉ ፈልጋዋለች። ጋሽ ኢድሪስ ጓንቱን እስከ ክርናቸው ሳቡት፣ የፕላስቲክ ቦት ጫማ አጠለቁ፣ “ያ ረቢ፣ ዛሬን ብቻ አውጣኝ” ብለው በአማርኛ አጉረመረሙ፣ ፊታቸውን ወዲያ አዙረው ገመዱን ወደ መኪናዋ ሰደዱት።

“ጋሼ፣ ዕቃ ሊያጥቡ ነው?” አለ ከኋላቸው አንድ ድምፅ።

ክው አሉ። ገመዱን ለቀው ወደ ኋላ ሲያፈገፍጉ ሊወድቁ ምንም አልቀራቸው። ዞር ቢሉ አንዲት ወጣት ሴት አንጸባራቂ ሰደርያ ለብሳ፣ የመሣሪያ ሻንጣ ይዛ ቆማለች። መደንገጣቸውን ስታይ አፏን ያዘች፤ ሳቋም ጠፋ። ስሟ ኤፍራታ እንደሆነ፣ አዲስ አበባ የኤሌክትሪክ ምሕንድስና ተምራ እዚህ ቻርጅ ማድረጊያዎችን እየዞረ የሚፈትሽ ድርጅት ውስጥ እንደምትሠራ ነገረቻቸው፤ ደጋግማም ይቅርታ ጠየቀች።

“ሳቂ ልጄ፣ አልቀየምም” አሉ ጋሽ ኢድሪስ። “መብራት ምን እንደሚያደርግ ግን ካንቺ በላይ እኔ አውቃለሁ።”

የሚያውቁትንም ነገሯት። ዱባይ በመጡ በጥቂት ዓመታቸው ለታናሽ ወንድማቸው ለኑረዲን በመብራት የሚሠራ ወፍጮ ገዝተውለት ነበር፤ ከኮምቦልቻ መውጫ ላይ፣ ከዋናው መንገድ ዳር። አንድ ክረምት ዝናብ ወፍጮ ቤቱ ገባ፤ ኑረዲን በእርጥብ እጁ ወፍጮውን ሲነካ መብራት ያዘው። የሚያላቅቀው ሰው እስኪደርስ አልጠበቀም። ጋሽ ኢድሪስ ለቀብር ሄዱ፣ የወፍጮ ቤቱን በር ቆለፉ፣ ቁልፉን ኪሳቸው ከተው ወደ ዱባይ ተመለሱ። ይህ ከሆነ ዐሥራ አንድ ዓመት ነው። የዛገው ቁልፍ ዛሬም ኪሳቸው ውስጥ ነው፤ አውጥተው አሳዩዋት።

“ወፍጮውን የገዛሁለት እኔ ነኝ” አሉ። “አሁን ደግሞ በስተርጅና ይህን ገመድ በእጅህ ያዝ ይሉኛል።”

በትምህርት ብዛት የሰው ሐዘን ላይ ዘሎ የሚወጣ ወጣት ሞልቷል፤ ኤፍራታ ግን እንዲህ አላደረገችም። ጎንበስ ብላ የወደቀውን ገመድ በባዶ እጇ አነሳችው። ጋሽ ኢድሪስ “ኧረ ልጄ” ብለው እጇን ሊይዟት ተንደረደሩ።

“ምንም አይሆንም፣ ጋሼ። ገመዱ አሁን ባዶ ነው” አለች። “መኪናዋ ላይ ሲሰካ መኪናዋና ይህ ቻርጅ የሚያደርገው ሳጥን መጀመሪያ ይነጋገራሉ። ገመዱ በደንብ መግባቱን፣ መቆለፉን፣ የትም መብራት አለማፍሰሱን ያረጋግጣሉ። መብራቱ የሚለቀቀው ከዚያ በኋላ ነው። መሐል ላይ አንድ ነገር ቢበላሽ ዓይንዎን ጨፍነው ሳይገልጡ ሳጥኑ መብራቱን ይዘጋዋል። በዝናብም ቢሆን ያው ነው። እኔ ሥራዬ መዝጋቱን እየዞርኩ መፈተን ነው።”

ገመዱን ሰካችው፤ መኪናዋ ቀጭ ብላ ያዘችው፤ የሳጥኑ መስታወት ላይ የቻርጁ ቁጥር መውጣት ጀመረ። ጋሽ ኢድሪስ ቁጥሩን አላዩም። ሌላ ነገር አእምሯቸውን ይዞት ነበር።

“ይህ የሚዘጋው ነገር” አሉ ቀስ ብለው፣ “ለወፍጮም ይሆናል?”

“ይሆናል። ትንሽ ብሬከር ናት፤ ከመዳፍ አትበልጥም። መብራት ወደ ሰው ገላ ሲያመልጥ ትዘጋለች።”

“ኑረዲን ይተርፍ ነበር?”

ኤፍራታ ከንፈሯን ነከሰች። “ላልዋሽዎት ጋሼ፣ መማል አልችልም። ግን በእሷ ብዙ ሰው ይተርፋል።”

ጋሽ ኢድሪስ የመንገዱ ጠርዝ ላይ ተቀመጡ። ዐሥራ አንድ ዓመት መብራትን ሲረግሙ ኖረዋል፤ ወንድማቸውን የገደለው መብራት ሳይሆን የአንዲት መዳፍ የምታህል ዕቃ አለመኖር ነው ብሎ የነገራቸው አልነበረም። እንባቸው መጣ፤ አላፈሩበትም። ባለማወቅ የሚመጣ ሐዘን ከሁሉ ይመራል፤ ኋላ የሚታወቅበት ቀን አለና።

ኤፍራታ ከሻንጣዋ ውሃ አውጥታ ሰጠቻቸው። እስኪረጋጉ ጠብቃ ወዴት እንደሚሄዱ ጠየቀቻቸው። አጅማን ደርሰው ሻርጃ እንደሚመለሱ፣ የአገር ቤት መኪና እንደሚገዙ ሲነግሯት መጀመሪያ ነገሩን ሰምታ ልታልፈው ነበር። ቤንዚን መሆኗን ሲጨምሩ ግን በተራዋ እሷ ደነገጠች።

“ለኢትዮጵያ? ጋሼ፣ የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባት እኮ በእኛ አቆጣጠር ከሁለት ሺህ ዐሥራ ስድስት ጀምሮ ተከልክሏል፤ የሚፈቀደው የኤሌክትሪኩ ብቻ ነው።”

ጋሽ ኢድሪስ ወሬውን ሰምተዋል። ደላላው ግን የሕግ ወሬ እንደ ሰኔ ደመና አስፈራርቶ የሚያልፍ መሆኑን፣ ጅቡቲ ላይ ሰው እንዳለው፣ ፍሉስ ለያዘ፣ ገንዘብ ላለው ሰው፣ ሙሽኪላ የሚባል ችግር እንደሌለ አስረድቷቸዋል። ኤፍራታ ስለ አጎቷ ነገረቻቸው፤ እሱም እንዲሁ ተብሎ ነበር፤ መኪናው ጅቡቲ ወደብ ላይ ሁለት ክረምት ፀሐይ ሲሞቅ ከርሟል፤ ጎማው ተሰነጣጥቋል። ጋሽ ኢድሪስ የሰው ዕድል ከሰው ዕድል ይለያያል ሲሉ ተከራከሩ። ድሃ አገር የሀብታም መኪና ምን ያደርግላታል ብለውም ጠየቁ።

“ድሃ ስለሆንን ነው እንጂ” አለች ኤፍራታ። “ቤንዚን የምንገዛው በሌለን ዶላር ነው። መብራቱ ግን ከራሳችን ወንዝ ነው የሚመጣው። የኮምቦልቻ ባለ ታክሲ ቤንዚን እንዴት እንደሚያገኝ ልጅዎን አልጠየቁትም?”

ጠይቀዋል። አብዱራዛቅ የሚያውቀው ባለ ታክሲ ሁለት ሌሊት ሰልፍ ላይ ማደሩን ባለፈው ሳምንት ነግሯቸዋል። ይህን ለኤፍራታ አልነገሯትም፤ ተሸናፊ ሰው ለባላጋራው ድንጋይ አያቀብልም። እሷም ቀጠለች፤ ኖርዌይ በተባለ የበረዶ አገር አሁን የሚሸጠው አዲስ መኪና ሁሉ ለማለት የሚቻል ኤሌክትሪክ መሆኑን፣ በዓለም ላይ ለሕዝብ የተተከለው የቻርጅ ቦታ ከአምስት ሚሊዮን ማለፉን፣ አብዛኛው ቻይና ውስጥ መሆኑን፣ በአንድ ዓመት ብቻ ከአንድ ሚሊዮን በላይ መጨመሩን ነገረቻቸው።

“አምስት ሚሊዮን?” አሉ ጋሽ ኢድሪስ። ቢጫውን ጓንት ተመለከቱ። “ይህ ሁሉ ሰው በባዶ እጁ?”

“በባዶ እጁ፣ ጋሼ።”

ጋሽ ኢድሪስ ስልካቸውን አወጡና ለደላላው ደወሉ፤ ኤፍራታም እንድትሰማ ድምፁን ከፍ አደረጉት። ደላላው የወሎ ልጅ ነው፤ ሰላምታውም ቅቤ ነው። መኪናዋን አጥቦ እንደሚጠብቃቸው፣ ከጅቡቲ ወዲያ ያለውን ሁሉ ለእሱ እንዲተዉለት ተናገረ። ጋሽ ኢድሪስ እስኪጨርስ ጠበቁት።

“ወንድሜ፣ አንድ ነገር ብቻ ነው የምለምንህ። ኢትዮጵያ ትገባለች፣ ዋላሂ በል።”

ደላላው ገበያው መድራቱን፣ ሌላ ገዥ እየጠየቀ መሆኑን አወራ።

“ሰምቼሃለሁ። ዋላሂ በልና አሁኑኑ ልምጣ።”

“ጋሽ ኢድሪስ፣ በዚህ ሙቀት መሐላ ምን ያደርጋል?” አለ ደላላው። መስመሩም ተቋረጠ፤ እሱ ይዝጋው ኔትወርኩ አይታወቅም።

ሁለቱም ተያዩ። ለመዋሸት የደፈረ ሰው ለመማል ፈራ። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው፤ ጋሽ ኢድሪስ አንገታቸው ድረስ ገብተው እንደነበር ያን ጊዜ ገባቸው። ሃያ ሦስት ዓመት የሰው መኪና ሲነዱ ኖረው የራሳቸው ብቸኛ መኪና ወደብ ላይ ስትበሰብስ ታየቻቸው።

ኤፍራታ አሸነፍኩ አላለችም። ጋሽ ኢድሪስ ግን የወሎ ሰው ናቸውና እጃቸውን እንዲሁ አይሰጡም።

“እሺ፣ የኤሌክትሪኳን ገዛሁ እንበል” አሉ። “ከአዲስ አበባ ስትመጣ፣ ከደብረ ብርሃን ወዲያ ተራራ ለተራራ የት ትጠጣለች? አብዱራዛቅስ ከኮምቦልቻ ደሴ ሲመላለስ ውሎ የት ይሰካታል? አንቺ እዚህ በየጥጉ ተክለሽ ትናገሪያለሽ። እዚያ ማን ተከለ?”

“አላውቅም” አለች ኤፍራታ። “ከአዲስ አበባ ውጭ ገና ጥቂት ነው። እውነትዎን ነው።”

ጋሽ ኢድሪስ ወደ ሳጥኑ አዩ፤ ከሳጥኑ ፊት ተሰልፈው ወደሚጠብቁት ሁለት መኪኖች አዩ፤ እጃቸው ወደ ኪሳቸው ገባ።

“አባቴ ባቲ መንገድ ላይ ነበር የሚኖረው” አሉ። “ከአፋር ጨው ጭኖ የሚመጣ ግመል ሁሉ በደጁ ያልፋል። ሰው ሁሉ ግመል ልግዛ ሲል እሱ ጉድጓድ ቆፈረ። ግመሉ አንዱ ይሞታል፣ አንዱ ይዘረፋል፤ የመጣው ሁሉ ግን ከፍሎ ይጠጣል። ስምንታችንን ያሳደገን በዚያ ውሃ ነው።” ቁልፉን አወጡ። “ያ ወፍጮ ቤት ከዋናው መንገድ ዳር ነው። ለወፍጮ ተብሎ የገባ ስሪ ፌዝ የሚሉት ኃይለኛ መስመር አለው፤ ምሰሶው ዛሬም ቆሟል። ልጄ፣ ይህ ሳጥን ወፍጮ በሚያዞር መስመር ይሠራል?”

ኤፍራታ አፍጥጣ አየቻቸው። ልታስተምራቸው የመጣችው እሷ ነበረች፤ ይህን ግን አላሰበችውም። ይህን የሚያህለው አይሆንም፣ አነስ ያለው ግን ይሠራል አለች፤ የመብራት ኃይል ፈቃድ እንደሚያስፈልግ፣ መስመሩ በባለሙያ መፈተሽ እንዳለበት፣ መብራት የሚጠፋበትም ቀን እንደሚኖር፣ በመጀመሪያው ዓመት ደንበኛው ጥቂት ሊሆን እንደሚችል ሳትደብቅ ነገረቻቸው። የሚያስፈልገውን ሁሉ በአማርኛ ጽፋ እንደምትልክላቸውም ቃል ገባች።

“መጀመሪያ ያቺን ከመዳፍ የማትበልጠዋን ጻፊልኝ” አሉ ጋሽ ኢድሪስ። “ከሁሉ በላይ እሷን።”

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ ጥቅሙን ራስህ መዝን። ያቺ መኪና ተገዝታ ቢሆን ጥሪቱ ወደብ ላይ ይቀር ነበር፤ ብትገባም አንድ ልጅ ቤንዚን ሰልፍ ላይ ያድርባት ነበር። የመንገድ ዳሩ ሳጥን ግን ለመጣው ሁሉ ነው፤ የአብዱራዛቅን ቤት ይደግፋል፣ መንገደኛውን ከመሐል መንገድ መቆም ያድነዋል፣ ዶላር ያተርፋል፣ በአምስቱ ሚሊዮን ላይ አንድ ይጨምራል። ይልቁንም እጁ እርጥብ የሆነ ሰው ነክቶት ወደ ቤቱ ይገባል። ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው የሚባለው ለሰነፍ ነው። ጋሽ ኢድሪስ መከራውን አስቀድመው ቀምሰው ነበርና ምክሩን ሲያገኙት አወቁት።

ቻርጁ ዘጠና ሲደርስ ኤፍራታ ገመዱን ልትነቅልላቸው እጇን ዘረጋች፤ ከለከሏት። ጓንቱን አወለቁ፣ አጣጥፈው ለሰብሪና ሊመልሱት ወንበሩ ላይ አስቀመጡት። መዳፋቸው በላብ ርሶ ነበር። ሱሪያቸው ላይ ሊጠርጉት አሰቡና ተዉት። ቢስሚላህ አሉ፤ በእርጥብ እጃቸው ያዙት፤ ነቀሉት። ምንም አልሆነም። ገመዱን በቦታው ከሰቀሉ በኋላም እጃቸውን ለረጅም ጊዜ ሲያዩት ቆዩ።

ኤፍራታን መርቀው ተሰናበቷት። መኪናዋ ውስጥ ገብተው መስኮቱን ዘጉ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ለራሳቸው ኤሲ ከፈቱ፣ ለአብዱራዛቅ ደወሉ። ልጁ መኪናዋ መቼ እንደምትጫን ጠየቃቸው።

“መኪናውን ተወውና ወደ አጎትህ ወፍጮ ቤት ሂድ። በሩን ክፈትልኝ፤ አየር ይግባበት።”

“አባ፣ ቁልፉ አንተ ጋ አይደል እንዴ?”

ጋሽ ኢድሪስ የዛገውን ቁልፍ መዳፋቸው ላይ አደረጉት።

“እኔ ጋ ነው” አሉ። “አትጠብቀኝ፣ ልጄ። ስበረው።”