ለየመታጠፊያው አለቃ

ጣሊያን ከአገር ከወጣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ ክረምቱ ሊገባ ሲያጉረመርም፣ ከጎንደር ወደ አዲ አርቃይ የምትወርድ አንዲት የጭነት ማኪና ሊማሊሞ ላይ ናዳ አግዷት ቆመች። ከማኪናዋ የወረደው ቢያዝን የሚባል፣ የመንገድ ሥራ ተምሮ ጎንደር የተቀጠረ ወጣት ነው። ዝናቡ ያስጠጋው ከመንገድ ሠራተኞቹ አለቃ፣ ከካቦው ከአያ ወልደ ዮሐንስ ቤት ነበር።

የካቦው ሚስት እንኳየሁ ቆሎ አቀረበችለት። ቢያዝን ጎንበስ ብሎ እጅ ሲነሣ የልጇ የዋኘው እኩያ መሆኑን አየችና ፊቷን መለስ አደረገች። አንድ ልጇን ዋኘውን ከአባቱ ሥር ሲሠራ አምና ናዳ በልቶባታል።

«ምነው አያ፣» አለ ቢያዝን፣ «ሰዎቹ ዶማቸውን ታቅፈው ይቀመጣሉ? ናዳው ያን ያህል አይደለም።»

«እኔን እየጠበቁ ነው፣» አሉ ካቦው። « በትሬን ያላሳረፍኩበትን ድንጋይ ማንም አይነካም።»

«ከላይ እስከ ታች ያለው መታጠፊያ ሁሉ በእርስዎ በትር ነው?»

«በማን ሊሆን ኖሯል? በአንተ ቦርሳ?»

ቢያዝን ሳቀ። «ቦርሳዬ ውስጥስ ከቅያሪ ሸሚዝ በቀር የለም። ግን አያ፣ መንገዱ የበቅሎ መንገድ ሳለ አንድ አለቃ ይበቃው ነበር። ዛሬ ማኪና ይወጣበታል፣ ይወርድበታል፤ ውሃው ከላይ ሲሰብረው ግንቡ ከታች ይሰነጠቃል። አንድ ሰው ይህን ሁሉ በአንድ ጊዜ ማየት አይችልም።»

«ቆፋሪው ለብቻው፣ ድንጋይ ፈላጩ ለብቻው፣ ግንበኛው ለብቻው፤ ሁሉም በእኔ ቃል። ሥርዓት ይህ ነው!»

«እንግዲያ ቆፋሪው ስንጥቅ ቢያይ፣ አጠገቡ ላለው ግንበኛ መንገር ትቶ እርስዎን ፍለጋ ይሄዳል። ተራራው ግን ሲናድ ‹ካቦው ፈቅደዋል ወይ?› ብሎ አይጠይቅም። ከየሙያው ቀላቅለው ለየመታጠፊያው ይመድቡ። ከመካከላቸው አንዱ እዚያው ይወስን። ጠዋት ጠዋት ተሰብስበው ያዩትን ይነጋገሩ፤ ሥራውም እንደ ሰማዩ ሁኔታ ይለዋወጥ።»

የአያ ወልደ ዮሐንስ ፊት ጠቆረ። «ሁሉም እንዳሻው ይሁን ነው የምትለኝ? ልጄ ሳያስፈቅድ ቦታውን ባይለቅ ኖሮ ዛሬ እዚህ ያስተናግድህ ነበር። ከዚያ ወዲህ ያለ እኔ ቃል ጣቱን የሚያነሣ የለም።»

ቢያዝን ደንግጦ የያዘውን ቆሎ አስቀመጠ።

«የዋኘው አባት፣» አለች እንኳየሁ ቀስ ብላ፣ «ባልንጀሮቹ አንቱን ፈርተው ለእኔ የነገሩኝ አለ። ልጃችን ቦታውን የለቀቀው ጠግቦ አይደለም። አለቱ ሲላቀቅ አይቶ፣ ‹ሰዎቹን ላውጣ ወይ?› ብሎ አንቱን ሊጠይቅ ሲሮጥ ነው ናዳው መንገድ ላይ ያገኘው።»

«ምነው እስከ ዛሬ ሳትነግሪኝ?»

«በሐዘንዎ ላይ ሐዘን እንዳልጨምር ነዋ። አሁን ግን እላይ መታጠፊያ ላይ ያሉት የሌላ እናት ልጆች ናቸው።» ተነሥታ በነጠላዋ ጫፍ የባሏን እንባ ጠረገችላቸው። «መታዘዝን ያስተማሩት እንዲተርፍልዎ ብለው ነው። እኔ አውቃለሁ።»

«ሸጋ ልጅ ነበረ፣» አሉ አያ ወልደ ዮሐንስ። ከዚያም ወደ ቢያዝን ዞሩ። «ና ልጄ፣ ያልከውን አብረን እንንገራቸው።»

በካፊያው ወጥተው ሠራተኞቹን ሰበሰቡ፤ ከየሙያው ቀላቅለውም ለየመታጠፊያው ከነአለቃው መደቧቸው። «ከዛሬ ጀምሮ አደጋ ያየ ሰው ጓደኛውን ይዞ ይሽሽ። ለእኔ በኋላ ይነግረኛል።»

«አያ፣ አንቱስ ሥራ ፈት ሊሆኑ ነው?» አለ ተክለ ጊዮርጊስ የሚባል ቀልደኛ ቆፋሪ።

«የጎደላችሁን ላመጣ ነዋ! የተሰበረ ዲጂኖ ያለው አሁኑኑ ይንገረኝ።»

በዚያ ክረምት ናዳው አልቀረም። ነገር ግን ቅርብ ያለው ስለሚደርስበት ማኪኖቹ እንደ ድሮው ቆመው አይውሉም፤ ግንቡም ስንጥቁ ሳይሰፋ ይጠገናል፤ ወደ ጎንደር ሐኪም ቤት የሚወሰድ ሕመምተኛም መንገድ ላይ አይቀርም። ሠራተኛውም የተናገረው ስለሚሰማለት ዓይኑን ከተራራው አይነቅልም።

ነሐሴ ላይ የላይኛው አለት ተገንጥሎ ወረደ። ያረፈው ባዶ መንገድ ላይ ነው። ተክለ ጊዮርጊስ በጭቃ ተለውሶ ከካቦው ደጃፍ ቆመና፣ «አያ፣ ሳላስፈቅድዎ ሰዎቹን አወጣኋቸው፣» አለ።

«ሁሉንም?» አለች እንኳየሁ።

«ሁሉንም።»

እንኳየሁ ውሃ አሙቃ እግሩን ልታጥበው ጎንበስ ስትል፣ አያ ወልደ ዮሐንስ ገበቴውን ከእጇ ተቀበሏት።

«ተይ፣» አሉ፣ «እኔ ልጠበው።»