ለእማማ የተከራከርንለት ወንበር

ታክሲ ከሚይዘው ሰው ግማሹን ብቻ ይጫን የተባለበት የኮሮና ሰሞን ነው። ወሎ ሰፈር ላይ አንዲት እናት ሚኒባሳችንን አስቆሙ። የተፈቀደው ሰው ሞልቷል፤ በመሀላችን ግን ባዶ ወንበሮች አሉ። ከኋላዬ የተቀመጠ ጎልማሳ፣ "ይግቡ እማማ፤ ይሄን የወሰኑት ታክሲ የማይሳፈሩ ሰዎች ናቸው" አለ። ደሜ ፈላ። "የተወሰነው ለእሳቸው ተብሎ ነው፤ በሽታው የሚብሰው በትልልቅ ሰዎች ላይ ነው" አልኩት። ታክሲው ለሁለት ተከፍሎ ጭቅጭቁ ደራ።

እማማ በሩን ይዘው እስክንጨርስ ጠበቁና፣ "ሂዱ ልጆቼ፣ እኔ ሌላ እጠብቃለሁ" አሉ።

"ሕጉን ፈርተው ነው?" አላቸው ጎልማሳው።

"እናንተን ፈርቼ ነው። ለመከራከር ብላችሁ ሁላችሁም ማስካችሁን አወረዳችሁት።"

ቀስ ብዬ ፊቴን ዳሰስኩ። የእኔም አገጬ ላይ ነበር።