ሳይነበብ የጠፋው ኮድ

እንደምን ዋላችሁ! በእትዬ ሀጀራ ሽኝት ላይ ተናገር ተባልኩ እንጂ፣ እኔ ይሄነው የአምቡላንስ ሹፌር ነኝ፣ ተናጋሪ አይደለሁም፤ ፍሬን እንቢ ካለኝ አቁሙኝ።

እትዬ ሀጀራ፣ የመጡበትን ቀን ያስታውሱታል? የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት መካኒክ ሆነው ከደሴ ተዛውረው መካነ ሰላም ጋራዣችን በር ላይ ሲደርሱ፣ ያንን ገመዱ የተንጠለጠለ ስካነር በእጅዎ ይዘው ነበር። ዘበኛችን ጋሽ አለኸኝ የደም ግፊት መለኪያ መሰላቸው። ወንበራቸው ላይ ተደላድለው እጅጌያቸውን ሰበሰቡ።

«ትናንት ከፍ ብሎ ነበር፤ እስቲ ዛሬ ስንት ገባ?»

«አባቴ፣ እጅጌዎን ይመልሱ። እኔ የምመረምረው መኪና ነው።»

ጋሽ አለኸኝ፣ ወደ ሌላ ሰው አይዩ፤ እርስዎ ነዎት!

ከዚያ ወዲህ «ጻፍክ?» ያልተባለ ማን አለ? የሞተር መብራት በርቶብህ ትመጣለህ፤ እሳቸው ስካነሩን መኪናው ላይ ሰክተው የብልሽቱን ኮድ ያነባሉ። «እትዬ ቸኩያለሁ፣ ያጥፉልኝ» ስትል «ጻፍክ?» ነው መልሱ። ኮዱና የተገኘው ብልሽት ደብተሩ ላይ ካልሰፈረ ማጥፊያውን አይነኩትም። ኃላፊያችን አቶ አበጋዝ ስብሰባ ላይ ሰሌዳ ሊያጠፉ ሲነሱ እንኳ እትዬ ከኋላ «ጻፋችሁ?» ብለው ቤቱን በሳቅ አፍርሰውታል።

ሹፌር ጓዳችን ቸኮልማ መላ አገኘሁ ብሎ የሞተር መብራቷ ላይ የቁስል ፕላስተር ለጠፈባት። የአምቡላንስ ሹፌር ፕላስተር መቼ ይቸግረዋል! እትዬ፣ እርስዎ መኪናው ውስጥ ገብተው አዩና ቀስ ብለው ላጡት።

«ይሄ ቁስል ስንት ቀኑ ነው?»

«ሁለት ሳምንት» አለ ምስኪኑ፣ ሳያስበው።

አሁን ግን ሳቁን ላቁምና አንድ ነገር ልናገር። ከሦስት ዓመት በፊት የኔም መብራት በራ። ደብተር መጻፉ ታከተኝና፣ ገበያ ላይ የገዛኋትን ትንሽ መሣሪያ ከስልኬ ጋር አገናኝቼ ኮዱን ሳላነብ አጠፋሁት። ያን ቀን ምጥ የያዛት እናት ከወግዲ ይዤ ስመለስ ሞተሩ ዳገት ላይ ቀጥ አለ። ወደ እርስዎ ደወልኩ። ሞተር ሳይክል ተከራይተው፣ ሻርፕዎ አቧራ ለብሶ ደረሱ። መጀመሪያ ወደ እናቲቱ ሄደው «አብሽሪ እህቴ፣ ደርሰሻል» አሏት። ከዚያ ስካነሩን ሰኩ። ያው ኮድ ተመልሶ መጥቷል። የሴንሰር ሽቦ ተፍቆ ነበር፤ ጠገኑትና ሄድን። ልጅቷም በሰላም ተወለደች።

ኮድ ከጠፋ ወዲህ ስንት ኪሎ ሜትር እንደተነዳ ስካነሩ ያሳያል። አንዴ እሱን፣ አንዴ እኔን አዩ። በነጋታው አቶ አበጋዝ «ምን ሆኖ ነው?» ሲሉ እርስዎ «ሽቦ ተፍቆ ነው» አሉ፤ ስሜን አላነሱም። ደብተሩን ግን ተደብቄ አየሁት፦ «ኮዱ ሳይነበብ ጠፍቷል። ከይሄነው ጋር እንነጋገራለን።»

ሦስት ዓመት ሙሉ ሲጠሩኝ ልቤ እየደነገጠ ጠበቅኩ። እርስዎ አላነሱትም፤ እኔም ፈርቼ ዝም አልኩ። ዛሬ ግን የመጨረሻ የሥራ ቀንዎ ነው። አቶ አበጋዝ፣ ይስሙኝ፤ ያጠፋሁት እኔ ነኝ። እትዬ፣ ይቅር ይበሉኝ። ያን ቀን ባይደርሱልኝ ኖሮ ዛሬ በሰው ፊት ቀና ብዬ አልቆምም ነበር። ከልቤ አመሰግናለሁ።

በሉ፣ ብርዝ የያዘም ለስላሳ የያዘም ብርጭቆውን ያንሳ! አላህ ዕድሜና ጤና ይስጥዎት፤ ልጆችዎንና የልጅ ልጆችዎን ጠግበው ይዩ። ቤትዎ ከእንግዳ አይጉደል። ለእትዬ ሀጀራ!

ቆይ ግን፣ እንዳትጠጡ። እትዬ፣ ይኸው ደብተሩ፣ ይኸው እስክሪብቶ። ከዚያች መስመር ሥር «ተነጋግረናል» ብለው ይጻፉልኝ። ሳይጻፍ ማንም አይቀምሳትም።