የተወለወለችው ቮልስ

ክርስቲያን ከቮልሷ ኋላ ተንበርክኮ፣ ካቻቢቴውን በጥርሱ ነክሶ፣ ሁለት ነገር አስጨንቆታል። አንደኛው ፊቱ የተከፈተው ሞተር ነው። ሁለተኛው ከጀርባው አግዳሚ ወንበር ላይ የተቀመጡት የመኪናዋ ባለቤት፣ እትዬ ወርቅውሃ ናቸው። ባለፈው እሑድ ከአምልኮ በኋላ ሦስት ሽማግሌዎች ቤታቸው ሄደው ልጃቸውን ሕይወትን ለክርስቲያን እንዲሰጡት ጠይቀዋል። "ጸልየንበት በሳምንቱ እናሳውቃችኋለን" ተብለው ተመልሰዋል። ሳምንቱ ነገ ይሞላል። እትዬ ወርቅውሃ ግን ዛሬ ቅዳሜ፣ ወልቂጤ መናኸሪያ ጀርባ ካለችው ጋራዡ ድረስ መጡና ምሳ ካመጣችለት አክስቱ ከሰብለ አጠገብ ቁጭ ብለው ወሬ ጀመሩ። ክርስቲያን አንድ ጆሮውን ለሞተሩ፣ ሌላውን ለወንበሩ ሰጠ።

"እንዴት ነሽ ሰብለዬ፣ እናንተ ሰፈር ዘነበ? እኛ ጋ ግቢው ጭቃ ብቻ ሆኗል። ጎመኑ ግን ተመስገን ነው፣ ቅጠሉ ጃንጥላ ያህላል። ይዤልሽ እመጣ ነበር፣ መኪና የለኝም እንጂ... አይ፣ ምን ሆኛለሁ? አለኝ እንጂ። ያቺውልሽ ቆማለች። ሦስተኛ ሳምንቷ ነው እዚህ፤ ማክሰኞ ለአንድ ቀን ብቻ አየር ልትቀበል ወጥታ ነበር።

"እንዴት እንዳማረች አየሻት? ሠላሳ ዓመት ስንነዳት ከዘይትና ከአቧራው ሥር ያለውን የሞተሯን መልክ አላውቀውም ነበር፤ ገና አሁን ተዋወቅን። አዲስ የሻይ ጀበና መስላለች። ሌላ ሰው እጅ ብትገባ ኖሮ ዝም ብሎ ይጠግናት ነበር... ይሄኛው ግን ወለወላት። መጠገንማ ማንም ይጠግናል፣ አይደለም እንዴ? ጽዳት ግን አስተዳደግ ነው። ማን እንዳሳደገው አላውቅም እንጂ... እጇ ይባረክ።"

ክርስቲያንን ከሰባት ዓመቱ ጀምሮ ያሳደገችው ሰብለ ናት። የምሳ ዕቃውን ክዳን አንዴ ከፍታ መልሳ ዘጋችው። እሱም አንገቱን ሞተሩ ውስጥ ይበልጥ ቀበረ።

"እና ማክሰኞ 'አልቃለች' ተባልኩና እህቴን ልጠይቅ ወደ ቡታጅራ ነዳሁ። እንዴት ያለ ደስ የሚል መንገድ መሰለሽ። ድሮ እየከነፍን ስናልፍ ምኑንም አላየሁትም ነበር፤ አሁን እያንዳንዱን እንሰት ቆጥሬ አለፍኩ። ዳገቱ ላይማ... ምን ልበልሽ፣ ነዳጁን እስከ መጨረሻው ረግጬው እሷ ታስባለች። በየመሃሉ ጭስ ማውጫዋ ጧ ይላል። የሰው ዶሮ ሁሉ አጥር ዘለለ። መስቃን ስንደርስ አንድ በርበሬ የጫነ ጋሪ ከኋላችን መጣ። ሙስተፋ ይባላል፣ ጥሩ ሰው ነው። 'አሰላሙ አለይኩም' አለኝ፤ መልሼ ሳልጨርስ ፈረሱ አልፎን ሄደ። ኋላ ጭራሽ ስትቆምብኝ ተመልሶ እስከ አንድ ዛፍ ጥላ ድረስ ጎተተልኝ። ይኼን ሁሉ ደግነት በደህና መኪና ብሄድ ከየት አገኘው ነበር? ለአንዳንድ ሰው ምስጋና ይገባዋል... ከደግ ሰው ጋር አስተዋወቀኝ።

"እኔ እንግዲህ መካኒክ አይደለሁም። የማውቀው ባሌ፣ የሕይወት አባት፣ የነገረኝን ብቻ ነው። 'ወርቄ፣ ቤንዚኑ ቢጠራ፣ ካንዴላው አዲስ ቢሆን፣ እሳቱ ሰዓቱን ካላወቀ ምን ዋጋ አለው?' ይለኝ ነበር። ያቺ እሳት የምታከፋፍለዋ... ዲስትሪቢዩተሯ፣ ፀጉር ታህል ከቦታዋ ከዞረች አለቀ፤ ወይ እሳቱ ይቀድማል፣ ወይ ይዘገያል። እና እሱ ምን አደረገ? ለሠርጋችን ከተገዛው ቀይ የጥፍር ቀለም የተረፈውን ወሰደና አንድ ነጥብ ዲስትሪቢዩተሯ ላይ፣ አንድ ነጥብ ከሥሯ ሞተሩ ላይ አደረገ። የምስር ፍሬ ያህላሉ። ሁለቱ ፊት ለፊት ሲገጥሙ እሳቱ ሰዓቱን ጠበቀ ማለት ነው። ወደ ጌታ ከሄደ ወዲህ እንኳ አንዳንድ ቀን ኮፈኑን ከፍቼ አያቸው ነበር... እንዲሁ። ሥራ ኖሮኝ አይደለም።"

ክርስቲያን ቀዮቹን ነጥቦች አስታወሳቸው። ቀለም የተንጠባጠበ መስሎት በቤንዚንና በብሩሽ ፈትጎ ያስለቀቃቸው እሱ ራሱ ነው፤ አማቴ ይሆናሉ ያላቸውን ሴት ሊያስደስት ብሎ ግማሽ ቀን ፈጅቶባቸዋል። በጣም አፈረ። ማክሰኞም ዲስትሪቢዩተሯን የገጠማት በጆሮው ብቻ ገምቶ ነው።

"አሁን ታዲያ ፈለግኳቸው፣ የሉም። ጥርት ያለ ብረት። ቆሻሻ መስሎት ይሆናል፣ ምን ያድርግ? 'እትዬ፣ ይሄ ምንድነው?' ብሎ መጠየቅ እኮ ቀላል ነገር አይደለም። ሰው ሥራ ይበዛበታል። ሞተር ማጠብ አለ፣ ሱፍ ማሰፋት አለ፣ ሽማግሌ መምረጥ አለ... ለመጠየቅ ጊዜ ከየት ይምጣ? ሽማግሌዎቹንማ አመሰግናለሁ። አንድም ደቂቃ አልዘገዩም፤ እንዲያውም መኪናዋን ቀድመዋት ነው የደረሱት። የዘገየው እሳቱ ብቻ ነው።"

ክርስቲያን ነጥቦቹ ከጠፉ እሳቱን በአምፖል ከመለካት ሌላ መንገድ እንደሌለው ገባው። ቀበቶው የሚዞርበት ፑሊ ላይ ያለውን ጭረት ከሞተሩ መጋጠሚያ መስመር ጋር አስተካከለ፤ ትንሿን የመፈተሻ አምፖል በሽቦ አገናኘ፤ ዲስትሪቢዩተሯን እስትንፋሱን ይዞ ቀስ አድርጎ አዞራት። አምፖሏ በራች። ትንሽ መልሶ፣ እንደገና አዞራት፤ እዚያችው ቦታ ላይ በራች። አጠበቃትና ቁልፉን አዞረ። ቮልሷ በመጀመሪያው ተነሳች፤ ረጋ ብላ፣ ሳትንቀጠቀጥ መሥራት ጀመረች።

እትዬ ወርቅውሃ ዓይናቸውን ጨፍነው ሲያዳምጡ ቆዩ። ሲገልጡት ዓይናቸው ረጥቧል። ክርስቲያን እጁን በጨርቅ እየጠረገ ተነሳ፤ ልቡ ተስፋ ሞላበት።

"ሰማሽ ሰብለዬ? ይሄ ነው ድምፅዋ... ይሄው ነው። ሙያ የለውም ያለው ማን ነው? ሙያማ ሞልቶታል። እሱን ለማየት ዶሮው ሁሉ አጥር የዘለለበት መንደር፣ አንድ ጋሪና የሟች ባሌ ምልክት ነው ያስፈለገው። ይሄ ብዙ ነው እንዴ? ብዙ አይደለም..."

ከወንበሩ ተነሱና ነጠላቸውን አስተካከሉ። ወደ ክርስቲያን ሳይሆን ወደ ሰብለ ዞረው፣ ድምፃቸውን እንደ ማር አለስልሰው መረቁ።

"ብቻ ጌታ እጁን ይባርክለት።"

ሰብለ አሜን አለች። ክርስቲያንም አንገቱን ደፍቶ አሜን አለ።

"ጎጆውን ያሙቅለት፣ በልጆች ይክበበው።"

አሜን አሉ ሁለቱም።

"የምታከብረው ሚስት ይስጠው። የሚስቱንም እናት ይባርክለት... ታጋሽ ሴት ትሁን። ባሏ በሕይወት ያለላት፣ መኪና ኖሯት የማያውቅ፣ የትም በእግሯ የምትሄድ... እንዲያ ያለችውን መልካም አማት ጌታ ይፈልግለት።"

ሰብለ በዚህኛው አሜን አላለችም። ክርስቲያን ግን በቤተ ክርስቲያን ያደገ ልጅ ነው፤ ምርቃት ሲሰማ አፉ ሐሳቡን አይጠብቅም። "አሜን" አለ ጮክ ብሎ። ምን ላይ አሜን እንዳለ የገባው፣ ቮልሷ እትዬ ወርቅውሃን ይዛ ያለ አንዳች እንከን ከጋራዡ በር ከወጣች በኋላ ነው።