የለቅሶው ዳኛ

በኛ ጊዜ ልጅ ማጫወት የሚባል ሥራ አልነበረም። ልጅ ራሱ ይጫወታል፣ ሲርበው ይመጣል፣ ሲመሽ ይመጣል፣ በቃ። አሁን ግን፣ ይኸው ትግስት ልጄ አጠገባችሁ ተቀምጣለች፣ ትመስክር፣ «እማ፣ ነገ ምዕራብ ዓባያ ስብሰባ አለብኝ፣ ቤዛ አንቺ ጋ ትዋል፣ ግን ቴሌቪዥን ፊት እንዳትጎልቻት፣ አጫውቻት» አለችኝ። አላልሽም? ብላለች። እኔም እሺ አልኩ። አምስት ዓመቷ ነው፣ የመጀመሪያ የልጅ ልጄ ናት፣ ታዲያ ላጫውት ካልኩ ደህና አድርጌ ላጫውት ብዬ ማታውኑ አሰብኩት። ጠዋት በባጃጅ ወደ ሐይቁ እንወርዳለን፣ ጀልባ ታያለች፣ ከዚያ አሳ ጥብስ እንበላለን፣ እሾሁን እኔ እለቅምላታለሁ፣ ከዚያ አይስክሬም። ቀይ ፊኛ ገዛሁላት። የፕላስቲክ መነጽርም ገዛሁላት። ቢጫ ቀሚሷን አልብሻት፣ እናንተ ልጆች፣ ጫማዬን እያሰርኩ ነው ስልኩ የጮኸው።

«ወርቄ፣ ጋሽ ዳና አረፉ።»

ጋሽ ዳና የአመነች ባል ናቸው፣ ላይ ተራራው ላይ፣ አገሬ ዶርዜ። አመነች ማለት ደግሞ አብሬያት ጥጥ እየፈተልኩ ያደግኩ፣ ስዳር ሚዜዬ የነበረች፣ ባሌ ሲሞት እኔ ጋ ከርማ ያስተዛዘነችኝ ሴት ናት። የሷን ለቅሶ ቀርቼ በየት በኩል ነው ዶርዜ ተመልሼ የምወጣው? ታዲያ ጌታ ይቅር ይበለኝና፣ መጀመሪያ ከአፌ የወጣው ምን መሰላችሁ? «ምነው ለነገ ቢሆን» ነው ያልኩት። ለሞት።

እና ልጅቷን ለማን ልስጣት? ጎረቤቶቼም ወደ ለቅሶው ሊወጡ ነው። ይዣት ሚኒባስ ገባሁ። መኪናው ዳገቱን ሲይዝ ቤዛ በመስኮት ወደ ታች አየችና «አያቴ፣ ሐይቁ እኮ ታች ነው» አለችኝ።

«አዎ፣ ሌላ ጨዋታ ላይ አለ።»

«ምን ጨዋታ?»

ምን ልበላት? ይህን ስል ከፊታችን የተቀመጠችው ሴትዮ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ማልቀስ ጀመረች፣ ሌላዋም ተቀበለቻት፣ ልጅቷ ደነገጠች። «ለምንድነው የሚያለቅሱት?» አለች። ታዲያ እኔ አላዋቂዋ፣ እንዳትፈራብኝ ብዬ፣ «አትፍሪ፣ እየተለማመዱ ነው። የማልቀስ ውድድር ነው የምንሄደው፣ ከልቡ ያለቀሰ ያሸንፋል» አልኳት።

«ዳኛው ማነው?»

«እኔ እንጃ። አንቺ ሁኚ።»

ከዚያ በኋላ ዓይኗን ከሚያለቅሱት ላይ አልነቀለችም፣ እኔም ተገላገልኩ አልኩ።

ስንደርስ የለቅሶው ሜዳ ሞልቷል። ትልቅ ሰው ነው የሞተው፣ ወንዶቹ ጦር ይዘው እየፎከሩ ከወዲህ ወዲያ ይሮጣሉ፣ ቀንደ መለከቱ ይነፋል። እኔ ፊኛውን የት ልወስደው? አላስረክብም ስትል እንደ ምንም ተቀብያት ነጠላዬ ውስጥ ወሸቅኩት፣ በዚህ እድሜዬ ነፍሰ ጡር መስዬ ቆምኩላችሁ። አዎ፣ ሳቁ። እሱን ሳቁ፣ የሚቀጥለው ነው የማያስቀው።

ቀና ስል ቤዛ አጠገቤ የለችም። ለካ ሥራዋን ጀምራለች። መነጽሯን አድርጋ በሴቶቹ መካከል ትዞራለች፣ ጎንበስ እያለች እያንዳንዷን ከነጠላዋ ሥር ታያለች። ከአዲስ አበባ የመጣች የሟች የእህት ልጅ ነበረች፣ ጩኸቷ ከሁሉ በላይ፣ ደረቷን ትደቃለች። ቤዛ አየቻትና «ይቺ እንባ የላትም፣ ድምፅ ብቻ ነው» አለች። ጮክ ብላ። ሴትዮዋ ጩኸቷን እዚያው አቋረጠች። ቀጥላ አንድ ሽማግሌ ጋ ሄደች፣ «እኚህ አባባ እንባም አላቸው፣ ንፍጥም አላቸው፣ አለፉ።» ከወንዶቹ አንዱ ሳቁን በሳል ሊሸፍን ሞከረ፣ አልሸፈነለትም።

እየተጋፋሁ ሄድኩ፣ ልይዛት ነው። የደረስኩባት አመነች ፊት ነው። አመነች መሬት ተቀምጣለች፣ አታለቅስም። እጄን ስሰድ ልጅቷ ዞራ እኔን አየችኝ። ፊቴን በጣቷ ነካች፣ ከዚያ ጣቷን አየች።

«አያቴ፣ አንቺም እንባ የለሽም።»

መሬት ብትከፈት እገባ ነበር። እውነቷን ነው እኮ። ዓይኔ ደረቅ ነው። ስለ ልጅቷ፣ ስለ ፊኛው፣ ስለቀረብኝ አሳ ሳስብ ጋሽ ዳናን አንድም ጊዜ አላሰብኳቸውም። አመነች ቀስ ብላ፣ «የምን ዳኝነት ነው የኔ ልጅ?» አለቻት።

«የማልቀስ ጨዋታው።»

«ጨዋታ ነው ያለሽ ማነው?»

ቤዛ በጣቷ እኔን አሳየች።

አመነች አየችኝ። አልተቆጣችም፣ ብትቆጣ በተሻለኝ። አየችኝ ብቻ። ያኔ እንባዬ መጣ። ወረደ ነው የምላችሁ፣ ተንበረከክሁ፣ ፊኛውም ከሥሬ ፈነዳ። ሴቶቹ ግር ብለው ያዙኝ። «አይ ወርቄ፣ እንደ ወንድሟ ነበር የምትወዳቸው።» «ውሃ ስጧት።» «እንደሷ ያዘነ የለም።» ቤዛ ደግሞ እያጨበጨበች፣ «አያቴ አንደኛ ወጣች» ትላለች። እነሱ ያመሰግኑኛል፣ እኔ የማለቅሰው ለራሴ ነው፣ አፍሬ። እስከ ዛሬ ዶርዜ ላይ ያንን ለቅሶ ሲያነሱ እኔን ነው የሚያነሱት። ሲያመሰግኑኝ ፊቴን ወዴት እንደማዞር አላውቅም።

ልንሄድ ስንል አመነች ጠራችኝና ጆሮዬ ላይ ጎንበስ ብላ፣ «ለኔ ባል አላለቀስሽም፣ አውቃለሁ» አለች። «ግን ልጅቷን ሰው ሲበተን አምጪልኝ። ከዚህ ሁሉ ሰው ማን ከልቡ እንዳዘነ የነገረችኝ እሷ ብቻ ናት።»

ይኸው ስንት ጊዜ ሆነ፣ አልወሰድኳትም። በምን ፊቴ ልውሰዳት? ከሷ ፊት እንዴት ተቀምጬ እንደገና አዝንልሻለሁ እላለሁ? ስልክ ስትደውልም ገበያ ነኝ እላለሁ። ቤቴ ተቀምጬ።

«እማ» አለች ትግስት፣ «ሴትዮዋ እኮ ባሏ ሞቶ ብቻዋን ነው ያለችው። ልጅ አምጪልኝ ስትል አንቺን መጥራቷ አይመስልሽም?»

አይ አንቺ ልጅ። እንግዲህ ዝም በይ፣ ሰው ፊት አታስለቅሺኝ።